የእንስላል ክሮሞሶም

በመቂ እንስላልን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ቢጫ አበባው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ሽታው የሚያውድ ተክል ነው። ለአረቄም ይገባል ሲሉ ከታላላቆች ሰምቻለሁ። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው በዓይን ስለማይታየው የእንስላል አካል ነው።

በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ የዘር ጠባይ የሚተላለፍባቸው ክር መሰል ነገሮች አሉ፤ ክሮሞሶም ይባላሉ። እንስላል 22 አለው፤ 11ዱ በወንዴው ዘር፣ 11ዱ በሴቴው ዘር በኩል የመጡ ናቸው።

እነርሱን ለማየት የሥር ጫፍ ያስፈልጋል፤ ሥር የሚረዝመው በጫፉ በኩል ስለሆነ የሚከፈሉ ሕዋሶች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ዘሩን በርጥብ ወረቀት ላይ ማብቀል፣ ጫፉን ቆርጦ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ (በአቼቶ ውስጥ ያለው ነው) በተቀላቀሉበት ማሳደር፣ ከዚያም በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማለስለስ ነው። በመጨረሻም አሴቶካርሚን በሚባል ቀይ ቀለም ተነክሮ በሁለት መስታወት መካከል በአውራ ጣት ይጨፈለቃል፤ ሕዋሶቹ ካልተነጣጠሉ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር የለም።

መጻሕፍት ለጀማሪ የሽንኩርትን ሥር የሚመርጡት በከንቱ አይደለም። የአገራችን ገበሬ በመስኖ የሚያለማው ቀይ ሽንኩርት ክሮሞሶሞቹ 16 ብቻ ናቸው፤ ትልልቅም ናቸው። የእንስላል ግን ጥቃቅን ስለሆኑ ሲደራረቡ ያሳስታሉ። ቆጠራ ቀላል የሚመስለው ካለ የሰውን ይመልከት፤ ሊቃውንት ከ30 ዓመት በላይ 48 ነው ሲሉ ኖረው፣ 46 መሆኑን ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን በስዊድን አገር ያሳተሙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ነው። ሌቫንም አስቀድሞ የሽንኩርትን ሥር ሲመረምር የቆየ ሰው ነበር።

ታዲያ 22 ተብሎ ከተቆጠረ ሥራው አለቀ? አላለቀም። ድንብላልም 22 አለው፤ ነገር ግን ድንብላልን እንስላል የሚል ባለሙያ እመቤት አላየሁም። ስለዚህ የቅርጹ ጥናት ይከተላል። የክሮሞሶሞቹ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ርዝመታቸው ይለካል፤ ሴንትሮሜር የሚባለው ወገባቸው መካከል ላይ መሆኑ ወይም ወደ አንድ ጫፍ ማድላቱ ይታያል፤ ከዚያም ጥንድ ጥንድ ሆነው ከረጅሙ ወደ አጭሩ ይደረደራሉ።

ይህ ለዘር አዳቃይ ትልቅ ነገር ነው። ክሮሞሶሞቻቸው የማይጣጣሙ ሁለት ተክሎች ቢዳቀሉ፣ ድቃሉ ለምልሞና አብቦ ዘር ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ውሃውም ማዳበሪያውም የወራቱም ድካም ከንቱ ይሆናል።