በሥነ ምግባራዊ የደኅንነት ፍተሻ የመሣሪያዎች ቆጠራ፦ ፕሮቶኮሎችና የፈታሹ ቦታ

በባለቤቱ ፈቃድ የሚካሄድ የአውታረ መረብ ደኅንነት ፍተሻ የሚነሣው «በዚህ አውታረ መረብ ላይ የትኞቹ መሣሪያዎች አሉ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ከዝርዝሩ የቀረ ሰርቨር ወይም ፕሪንተር አይፈተሽም፤ ያልተፈተሸ መሣሪያ ድክመትም ሳይታወቅ ይቆያል። ይህ ጽሑፍ ለቆጠራው የሚያገለግሉ ዋና ዋና ፕሮቶኮሎችን ያብራራል፤ የእያንዳንዳቸው ውጤት ፈታሹ በሚገኝበት ቦታ እንደሚወሰንም ያሳያል።

ለማብራሪያነት የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲን መልክዐ ምድራዊ አቀማመጥ መውሰድ ይቻላል። ዋናው ግቢ በሮቤ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ደግሞ በጎባ ይገኛል። ቀጥሎ የሚቀርበው አደረጃጀት ግን የተቋሙ እውነተኛ ንድፍ ሳይሆን ለትምህርት የታሰበ ምሳሌ ነው፦ ሁለቱ ከተሞች የየራሳቸው ንዑስ አውታር አላቸው፤ በመካከላቸው ራውተሮች አሉ፤ ፈታሹም ኮምፒዩተሩን ያገናኘው ሮቤ ካለ ስዊች ጋር ነው።

በቅርብ ያሉትን ለመቁጠር ተመራጩ እ.ኤ.አ. በ1982 በአርኤፍሲ 826 የተገለጸው ኤአርፒ ነው። ይህ ፕሮቶኮል የአይፒ አድራሻን ከማክ አድራሻ ጋር ያዛምዳል። ፈታሹ «ይህ አይፒ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ በንዑስ አውታሩ ላሉ ሁሉ ያሰራጫል፤ ባለአድራሻው ይመልሳል። መሣሪያው መልስ ካልሰጠ ከጎረቤቶቹ ጋር መገናኘት ስለማይችል፣ ፒንግን የሚከለክል ፋየርዎል ያለው ኮምፒዩተር እንኳ በዚህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ይገለጣል። ሆኖም የኤአርፒ ጥያቄ ራውተር አያልፍም። ስለዚህ ሮቤ ያለው ፈታሽ የጎባን መሣሪያዎች በዚህ ዘዴ ማየት አይችልም።

ራውተር የሚሻገረው እ.ኤ.አ. በ1981 በአርኤፍሲ 792 የተገለጸው አይሲኤምፒ ነው። ፒንግ ዓይነት 8 የሆነ የማስተጋባት ጥያቄ ይልካል፤ ዓይነት 0 የሆነ መልስም ይጠብቃል። የመልሱ መምጣት መሣሪያው መኖሩን ያረጋግጣል፤ የመልሱ መቅረት ግን አለመኖሩን አያረጋግጥም። መሣሪያው ጠፍቶ ወይም ፋየርዎል ጥያቄውን ጥሎት ሊሆን ይችላል።

ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላው ቲሲፒ ነው። ፈታሹ ወደ አንድ ፖርት የሲን ፓኬት ሲልክ ክፍት ፖርት በሲን-አክ፣ ዝግ ፖርት ደግሞ በአርኤስቲ ይመልሳል። ለቆጠራ ሁለቱም እኩል ዋጋ አላቸው፤ «ዝግ ነው» የሚል መልስም የመኖር ማስረጃ ነውና። ጎርደን ላየን እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረገው ኤንማፕ ይህንኑ ልዩነት በአሠራሩ ያንጸባርቃል። ሙሉ የአስተዳዳሪ መብት ተሰጥቶት ሲሠራ በአካባቢው ኤተርኔት ኤአርፒን ይጠቀማል፤ ከራውተር ማዶ ላሉት ግን ሁለት የአይሲኤምፒ ጥያቄዎችን፣ ወደ ፖርት 443 ሲን፣ ወደ ፖርት 80 ደግሞ አክ ይልካል።

መሣሪያው መኖሩ ከታወቀ በኋላ ማንነቱ ይጠየቃል። ዲኤንኤስ ከአድራሻው ስሙን ሊያሳውቅ ይችላል፤ በቲሲፒ ፖርት 445 የሚሠራው ኤስኤምቢም የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ስምና የተጋሩ ፎልደሮች ሊገልጥ ይችላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በዩዲፒ ፖርት 161 የሚሠራው ኤስኤንኤምፒ ነው። የንባብ ፈቃድ የተሰጠው ፈታሽ የጎባው ራውተር የያዘውን የኤአርፒ ሰንጠረዥ ከሮቤ ሆኖ ማንበብ ይችላል፤ በቀጥታ ሊደርስበት ያልቻለውን ዝርዝር በራውተሩ በኩል ያገኛል። ይኸው ጥቅም ለአጥቂም ክፍት ሊሆን ይችላል፤ የኤስኤንኤምፒ 1ኛና 2ኛ ስሪቶች የይለፍ ቃላቸውን ሳያመሰጥሩ ስለሚያስተላልፉ 3ኛው ስሪት ይመረጣል።

የቆጠራው ስልት እንደ አካባቢው መለየት አለበት። በሆስፒታል አውታር ላይ ያረጁ የሕክምና መሣሪያዎች ያልተለመደ ፓኬት ሲደርሳቸው ሥራ ሊያቆሙ ስለሚችሉ፣ ከራውተርና ከስዊች ሰንጠረዥ ማንበብ በቀጥታ ከመቃኘት ይቀድማል፤ የቅኝቱ ሰዓትና ፍጥነትም ከክፍሉ ባለሙያዎች ጋር አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ሕጉም ይህንን ጥንቃቄ ያጠናክራል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በማለፍ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መድረስን በአንቀጽ 3 ያስቀጣል። በመሆኑም የጽሑፍ ፈቃዱ የሚቃኙትን የአድራሻ ክልሎች ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ለሮቤ የተሰጠ ፈቃድ ጎባን አያካትትም።

እንግዲህ አንድ ፕሮቶኮል ብቻውን የተሟላ ቆጠራ አይሰጥም። አስተማማኙ አካሄድ የኤአርፒ፣ የቲሲፒና የኤስኤንኤምፒ ውጤቶችን ከተቋሙ የንብረት መዝገብ ጋር ማነጻጸር ነው። በአውታረ መረቡ ላይ ታይቶ በመዝገቡ ያልሰፈረ፣ ወይም በመዝገቡ ሰፍሮ በአውታረ መረቡ ያልታየ መሣሪያ የፍተሻው ቀዳሚ ግኝት ይሆናል።