ባሕር ማዶ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው በቀን ቦርሳው ሊይዘው ስለሚገባው ነገር

አባቶቻችን ረጅም መንገድ ሲነሡ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ስንቃቸው ነበር። በሶውና ቆሎው በከረጢት፣ ውሃው በቅል ወይም በኮዳ ሆኖ ከመንገደኛው ትከሻ አይለይም ነበር። ዛሬ መንገዱ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት ሆኗልና ስንቅ የማያስፈልግ መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን መንገዱ ቢያጥርም የሰው አካል አልተለወጠም፤ እንደ ቀድሞው ይጠማል፣ ይደክማል፣ ይታመማል።

ከኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪዎች መካከል ለሐጅና ለዑምራ ወደ መካ፣ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ለንግድና ለጉብኝት ወደ ዱባይ የሚጓዙ አሉ። ቀራንዮ የሚለው የሰፈራችን ስም እንኳ በኢየሩሳሌም ያለው የቀራንዮ ስም ነው። ሐጅና ሱባዔ ለአምልኮ እንጂ ለሽርሽር የሚደረጉ አለመሆናቸውን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ተሳላሚውም ጎብኚውም ቀኑን ሙሉ በእግራቸው በማያውቁት ከተማ የሚውሉ ስለሆነ የጤና ጥንቃቄያቸው አንድ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ደጋ ናት። መካ ከ300 ሜትር በታች ናት፤ ዱባይ በባሕር ዳርቻ ላይ ነች፤ የኢየሩሳሌም ተጓዦች የሚጎበኙት የሙት ባሕር ደግሞ ከባሕር ወለል 430 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። የሰው አካል ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል፤ ጎብኚው ግን ብዙ ጊዜ ሳይለምድ ይመለሳል። ደረቅ በሆነ አገር ላቡ ወዲያው ስለሚተን ምን ያህል ውሃ እንዳጣ አይታወቀውም። እንደ ዱባይ እርጥበት በበዛበት አገር ደግሞ ላቡ ሳይተን ስለሚቀር ሰውነቱ አይቀዘቅዝለትም።

ነገሩ የዋዛ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በተደረገው ሐጅ በመካ ታላቁ መስጊድ የሙቀቱ መጠን 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል። ከእነዚህም ከመቶ 83ቱ ያለ ፈቃድ የሄዱና ያለ ጥላና ያለ ማረፊያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ እንደ ነበሩ ገልጿል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ነገሮች ትንንሽ ቢመስሉም አንዳንድ ጊዜ ሕይወትን የሚያድኑ ናቸው።

1ኛ፤ ውሃ። ቢያንስ አንድ ሊትር የሚይዝ ኮዳ ያስፈልጋል። ጥም እስኪመጣ ሳይጠብቁ ጥቂት ጥቂት መጠጣት ይገባል። በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድ ኮዳውን ባዶውን አሳልፎ ከዚያ በኋላ መሙላት ነው። በአንድ ኮዳ አፍ ለአፍ እየተቀባበሉ መጠጣት ግን የማጅራት ገትርንና የጉንፋንን ተዋሲያን ስለሚያስተላልፍ አይገባም።

2ኛ፤ በውሃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር፣ በተለምዶ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው። ሁለት ወይም ሦስት ከረጢት ይበቃል። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በለስላሳ መጠጥ አይበጠበጥም። ተቅማጥ በያዘ ጊዜ ውሃ ብቻ መጠጣት የጠፋውን ጨው አይተካም። ስኳሩ የሚጨመረውም ለጣዕም ሳይሆን አንጀት ጨውንና ውሃን እንዲስብ ስለሚረዳው ነው። ከረጢቱ ባይገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክ ተደርጎ፣ መበጥበጥ ይቻላል። ጨው ማብዛት ግን ጉዳት አለው።

3ኛ፤ የግል መድኃኒት። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማኖር የለበትም፤ ሻንጣው ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ ሕክምናው ይቋረጣልና። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ይያዝ። ኢንሱሊን በበረዶም በብርቱ ሙቀትም ይበላሻል፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው። የስኳር ሕመምተኛ ድንገት ስኳሩ ቢወርድበት የሚቀምሰው ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪሱ አይለየው። በሰሙነ ሕማማት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሕመምተኛም ስለ ጾሙ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙንና የንስሓ አባቱን ያማክር።

4ኛ፤ ሳሙና፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ የወረቀት መሐረብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ። ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት በኋላ እጅን በሳሙና ለ20 ሴኮንድ መታጠብ ይገባል። ውሃ በማይገኝበት ጊዜ ከመቶ 60 እጅ ያላነሰ አልኮል ያለበት ማጽጃ ያገለግላል። መሸፈኛው ሕዝብ በተጨናነቀበት ስፍራ ይደረጋል።

5ኛ፤ ደረቅ ስንቅ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ሙቀት የማያበላሻቸው፣ ለመያዝም ቀላል የሆኑ የአገራችን ምግቦች ናቸው። ወጥና ሥጋ ግን በቦርሳ መያዝ አደገኛ ነው፤ በብርቱ ሙቀት የተቀመጠ ወጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊበላሽ ይችላል።

6ኛ፤ ጥላና የእግር መጠበቂያ። ባርኔጣ፣ ነጠላ ወይም ጃንጥላ ይያዝ። ኢሕራም የለበሰ ወንድ ራሱን መሸፈን ስለማይፈቀድለት ጃንጥላው በተለይ ይጠቅመዋል። አዲስ ጫማ በጉዞው ቀን መጀመር እግርን ስለሚልጥ፣ ቀደም ብሎ መላመድና ጥቂት የቁስል ፕላስተር መያዝ መልካም ነው።

7ኛ፤ ወረቀት። ከሁሉ ቀላሉ፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው ይህ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የተጓዡ ስም፣ ያለበት ሕመምና የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ የሚያርፍበት ቤት አድራሻ በአገሩ ቋንቋ፣ የአብሮ ተጓዡና የቤተሰቡ ስልክ ይጻፍ። የአምቡላንስ ቁጥርም ይጨመርበት፤ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት የዓረብ ኤሚሬትስ 998፣ በእስራኤል 101 ነው። ከዚሁ ጋር የፓስፖርቱ ቅጂ ይያያዝ።

ሊያዝ የማይገባም አለ። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ ማስታገሻዎች በአንዳንድ የዓረብ አገሮች ያለ ፈቃድ ሲያዙ ያስቀጣሉ፤ ጫትም በሳዑዲ ዓረቢያና በኤሚሬትስ ክልክል ነው። ውስጡ ያልታየ የሰው አደራ ዕቃ መቀበል ደግሞ በደግነት የተጀመረውን በእስር ሊያስፈጽም ይችላል። ቦርሳውም ከሦስት ወይም ከአራት ኪሎ ባይበልጥና በሁለቱ ትከሻ ቢነገት ይመረጣል።

ከቦርሳው በፊት የሚቀድመው ክትባት ነው። ወደ ሐጅ የሚሄድ ሰው የማጅራት ገትር ክትባትን ቢያንስ ከመድረሱ 10 ቀን በፊት መከተብ አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሆኗል።

አብሮ የሚጓዝ ሰው በሙቀት ደክሞ ንግግሩ ቢዛባ፣ ቢዋዥቅ ወይም ራሱን ቢስት ይህ የሙቀት ምት ምልክት ነውና ዕረፍት ብቻ አይበቃውም። ወዲያው አምቡላንስ ተጠርቶ፣ ወደ ጥላ ተወስዶ፣ ልብሱ ላልቶ፣ ሰውነቱ በውሃ እየራሰ ይራገብ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ።

በመጨረሻም ነገራችን ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሁሉ ነው። ከየቤታችን ከሚነሡት መካከል ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ብዙዎች ናቸው፤ በሰው አገር ቢጠፉ ወይም ቢታመሙ ስለ ራሳቸው የሚናገርላቸው ያ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። መምህራን ይህን ወረቀት መጻፍን ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ አድርገው ቢሰጡ፣ ልጅ ለአያቱ ይጽፋል፤ ጽፎም ቦርሳው የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ ያሳያቸዋል። ከጉዞው ሦስት ቀን በፊትም ቦርሳውን አስነግቶ በሰፈሩ ዳገት ግማሽ ሰዓት አብሯቸው ይራመድ። የከበደው ያን ጊዜ ይቀነሳል፤ የጎደለውም ሱቅ ሳይርቅ ይሟላል።