የሰማዩን መንጋ የሚቆጥረው ሶፍትዌር

ኅዳር ላይ ራቤል ውስጥ ገብሱ ታጭዶ ሲከመር፣ ጠባቂው ባናውን ተከናንቦ አውድማው ዳር ያድራል። ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀና ቢል፣ በከዋክብቱ መካከል ያለ ድምፅ ቀጥ ብላ የምትጓዝ ብርሃን ያያል። ድንገት ትጠፋበታለች። የምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ነው እንጂ አልጠፋችም፤ ለእሱ ቢመሽም ከላይ ለምትሄደው ሳተላይት ገና አልመሸም ነበር።

ማየቱስ ቀላል ነው። ከባዱ የማን እንደሆነች፣ ነገም በስንት ሰዓት የት እንደምትደርስ ማወቁ ነው። እረኛ ማታ በጎቹን ሲያስገባ ቁጥራቸውን ብቻ አያይም፤ በጠጉሯና በጆሮዋ እያንዳንዷን ይለያል። ራዳርና ቴሌስኮፕ ግን የሚሰጡት ነጥብና ሰዓት ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ያንን ነጥብ ከሚታወቁት ምሕዋሮች ጋር ያመሳክራል። ከአንዱ ጋር ከገጠመ መዝገቡን ያድሳል። ካልገጠመ ወይ አዲስ ነገር መጥቷል፣ ወይ የሚታወቀው መንገዱን ቀይሯል። ሰማዩን የሚጠብቀውን ወታደር እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ስባሪ በራሱ መንገድ አይቀይርምና።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ስሚዝሶንያን የሥነ ፈለክ ተቋም ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ላይ ቤከር ነን የተባለ ካሜራ ተክሎ ነበር። ክብደቱ ከ3 ቶን ይበልጣል። ፊልሙ ላይ የሳተላይቷ ቦታ ከከዋክብቱ አንጻር ይለካና ለስሌት ወደ አሜሪካ ይላክ ነበር። የዚያው ዓይነት ካሜራ በሌሎች ጣቢያዎች የአሜሪካን አየር ኃይልም አገልግሏል።

ስሌቱ ሲስት ምን እንደሚሆን የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ታየ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ኢሪዲየም 33 እና ኮስሞስ 2251 የተባሉት ሳተላይቶች ከሳይቤሪያ በላይ በ790 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ተጋጩ። አንድ ለሕዝብ ክፍት የነበረ ስሌት 584 ሜትር ተራርቀው ያልፋሉ ብሎ ነበር። ከ2 ሺህ በላይ ስባሪ ተመዘገበ። የእንዲህ ያለ ስሌት አንዱ የስሕተት ምንጭ ፀሐይ ናት፤ ስትነቃቃ የላይኛውን አየር ታሳብጠዋለች፣ አየሩም ሳተላይቶቹን ይጎትታል።

ዛሬ የአሜሪካ ጦር ከ40 ሺህ በላይ ቁሶችን ይከታተላል። ለዓመታት የተደገፈው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተሠራውና ስፓዶክ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ነበር። ሊተካው የታሰበው ጄኤምኤስ ሳይሳካ ቀረ። ከዚያ በኋላ ኮባያሺ ማሩ የተባለው ፕሮግራም ሶፍትዌሩን በትንንሹ እየሠራ፣ ከተጠቃሚው ወታደር ጋር እየፈተነ ማቅረብ ጀመረ። ይህ አካሄድ ትክክል ይመስለኛል፤ ተረኛው የሚቸገርበትን ከተረኛው በላይ የሚያውቅ የለም።

እኛም ከታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ባለጉዳይ ነን። 72 ኪሎ የምትመዝነው ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና መጥቃ ከእንጦጦ ጣቢያ ጋር ትገናኝ ነበር። የግጭት ማስጠንቀቂያ ግን ለሳተላይት ባለቤቶች በነፃ ሲያድል የኖረው በዋናነት ያው የአሜሪካ ጦር ነው። ሳተላይት ያለው አገር የራሱን ቆጠራ የሚያመሳክር ሰው ያስፈልገዋል።

መጀመሪያው ሩቅ አይደለም። የመዝገቡ አብዛኛው ክፍል በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ ምሕዋር የሚያሰላው ኤስጂፒ 4 የተባለው ቀመርም እ.ኤ.አ. በ1980 በይፋ ታትሟል። ኮምፒውተር የምታገኙ የራቤል ተማሪዎች፣ የቀያችሁን ኬክሮስና ኬንትሮስ አስገቡና የዛሬ ማታዋን ሳተላይት ሰዓት አስሉ፤ ከዚያ ወጥታችሁ ጠብቋት።