ከቆርኪ የተሠራችው ጉንዳን

ክረምት ሲገባ ጉንዳኖች ጉድጓዳቸውን ውሃ ስለሚሞላው ወደ ቤታችን ይገባሉ። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋም ልጆች ቤት ይውላሉ። ሁለቱ በአንድ ደጃፍ ሲገናኙ የሚሆነውን የማያውቅ ወላጅ ያለ አይመስለንም። የአምስት ዓመቱ ልጃችን ከግድግዳው ሥር በተርታ የሚጓዙትን ጉንዳኖች በጫማው እየረገጠ ሲቆጥር አገኘነው። «አሥራ ሦስት ገደልኩ!» አለን በኩራት።

ልንቆጣው ከተነሳን በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለንና ዝም አልን። ባለፈው ሳምንት እዚያው ቦታ ላይ የፈላ ውሃ የደፋነው እኛው ነበርን።

በዚያ ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ አጠገባችን አስቀምጠን ጉንዳኗ የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ሠራዊት አይታ ጓደኞቿን ወደ ቤታቸው እንዲገቡ እንዴት እንዳስጠነቀቀች፣ እርሳቸውም ንግግሯን ሰምተው ፈገግ እንዳሉና አላህን (ሱ.ወ.) እንዳመሰገኑ ነገርነው። ታሪኩ በሱረቱ አን-ነምል ውስጥ ይገኛል፤ ነምል ማለትም ጉንዳን ነው። ከነቢያት አንዱ አንዲት ጉንዳን ብትነክሳቸው የጉንዳኖቹን መንደር በሙሉ በማስቃጠላቸው ከአላህ ዘንድ እንደተወቀሱ የሚገልጸውን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስም ጨመርንለት። ልጁ ጥቂት አሰበና «አባባ፣ እናንተስ የፈላ ውሃ ደፍታችሁ የለ?» አለን። ጥፋታችንን አመንን። ከዚያ ወዲህ ስኳሩን ከድነን፣ ቀዳዳውን በጭቃ ደፍነን ነው የምንከላከለው።

ይሁንና በአምስት ዓመት ዕድሜ ጆሮ ከሰማው ይልቅ እጅ የሠራው ይቆያል። ስለዚህ በማግስቱ የለስላሳ ቆርኪ ሰበሰብን። ለአንድ ጉንዳን ሦስት ቆርኪ ይበቃል፤ አንዱ ራስ፣ አንዱ ደረት፣ አንዱ ሆድ ይሆናል። ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጠን ስድስት እግርና ሁለት አጫጭር አንቴና አዘጋጀን። የሽቦውን ጫፍ የሚያጥፈው ትልቅ ሰው ይሁን። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ካለም ጨዋታው ይቆየው። እያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ አንድ ቁራጭና አንድ የካርቶን ሰሌዳ ይይዛል። ጥያቄ መልሶ ያገኘ አንድ ቁራጭ ያስቀምጣል፤ ቀድሞ ጉንዳኑን የጨረሰ አሸነፈ።

የጎረቤት ልጆች የሉዶ ዳይስ ይዘው መጥተው ነበር። በዳይስ የሚካሄደው ነርድ የተባለው ጨዋታ በሰሒሕ ሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ አጥብቆ ስለተወገዘ ዳይሱን ትተን በጥያቄ አደረግነው። እንደ መምህርነታችን ይህንኑ እንመርጥ ነበር፤ ዳይስ ልጅን አያስተምረውም። «ንብ ስንት ክንፍ አላት?»፣ «ከምግብ በፊት ምን እንላለን?» እያልን እንደየዕድሜያቸው ጠየቅናቸው። ቅርጽ መሥራቱን የሚጠራጠሩ ወላጆችም አይጠፉም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳልከለከሏቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ብዙ ዑለማዎችም የልጆችን መጫወቻ ለይተው ፈቅደዋል።

በመጀመሪያው ዙር እኛ አሸነፍን ብለን ስንደሰት ልጁ ሰሌዳችንን ትኩር ብሎ አየና «ልክ አይደለም» አለ። ከስድስቱ እግሮች ሁለቱን ሆዱ ላይ አድርገን ነበር። አልተቀበልነውም። ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሥር ሄደ፤ ተንበርክኮ አገጩን መሬት ሊያስነካ ትንሽ ሲቀረው ረጅም ጊዜ ቆየ። «ሁሉም ከመሐል ነው የወጡት!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ሦስት አጽቄ የሚባሉት ነፍሳት ሁሉ እግራቸው የሚወጣው ከደረታቸው ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስንቴ አስተምረነዋል! ሁለቱን እግሮች አነሳን፤ ጨዋታውንም ተሸነፍን።

ከጫማው ሥር ግን በዚያን ጊዜ አንድም ጉንዳን አልነበረም፤ ጫማውን አውልቆ ነበር የሄደው።

አሁን ደግሞ ሸረሪት እንሥራ እያለ ነው። ሸረሪት ከነፍሳቱ ወገን አይደለችም፤ ሁለት ቆርኪና ስምንት እግር ትፈልጋለች። ሽቦው ስላለቀ ለቅዳሜ ቀጠሮ ሰጥተነዋል፤ ኢንሻአላህ።