ለውሻ ማኘኪያ የሚሸጥ ጥሬ ቆዳ፦ ነጋዴው ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ

በሞያሌ፣ በቶጎ ውጫሌ ወይም በመተማ መስመር የሚሠራ የከብት ነጋዴ ስለ ቆዳ ገበያ ቢጠየቅ ደስ የሚል መልስ የለውም። በኢትዮጵያ በበዓላት ሰሞን የበግና የፍየል ሌጦ ገዢ አጥቶ ሜዳ ላይ ሲጣል ይታያል። ጥሬውን ወደ ውጭ መላክም አልቀለለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጥላለች፤ ኬንያም በጥሬ ቆዳ ላይ ታስከፍለው የነበረውን በአንድ ወቅት ከ40 ወደ 80 በመቶ ከፍ አድርጋ ነበር። ስለዚህ ለቆዳ ሌላ ገበያ አለ ሲባል ነጋዴ ጆሮውን ቢሰጥ አይፈረድበትም። ከሚነሱት አንዱ የውሻ ማኘኪያ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ተጠቅልሎ ወይም ተቋጥሮ የደረቀ የከብት ቆዳ ከሱቅ ይገዛሉ። ውሻው ያኝከዋል፣ ጥቂት በጥቂትም ይበላዋል። ከቆዳ ሌላ የደረቀ ጆሮ፣ ሰኮና፣ የአየር ቧንቧና የበሬ ብልትም ለዚሁ ይሸጣሉ። ገበያው እውነተኛ ነው። ሆኖም ከጫማና ከቦርሳ ቆዳ ገበያ ጋር አንድ አይደለም። ይህ ቆዳ ወደ አፍ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ የሚመዘነው በምግብ ሚዛን ነው። ለጫማ የተዘጋጀን ቆዳ ኋላ ላይ ለማኘኪያ ማዞር አይቻልም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከብቱ ከሚታረድበት ቀን ነው።

የሚፈለገው የትኛው ቆዳ ነው?

ፋብሪካ የገባ የከብት ቆዳ በኖራ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ ይለቃል፤ ከሥጋ በኩል ያለውም ትርፍ ይፋቃል። ከዚያ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል። የላይኛው ክፍል ለጫማና ለቦርሳ ይሄዳል፤ የታችኛው ደግሞ ለጄላቲን ወይም ለማኘኪያ ይሆናል። ለማኘኪያ የሚውለው ኖራው በደንብ ታጥቦ ይወጣለታል፤ ብዙ ጊዜም በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይነጣና ቅርጽ ይዞ ይደርቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ብዙ ፋብሪካዎች ቆዳውን የሚሰነጥቁት ክሮም ገብቶበት ዌት ብሉ ከሆነ በኋላ ነው። ክሮም የነካው ቁርጥራጭ ምንም ያህል ቢታጠብ ለማኘኪያ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የበግና የፍየል ሌጦ ስስ ስለሆነ ለዚህ ዓይነት ስንጠቃ አይመችም። ስለዚህ ይህ ገበያ በበዓል ለሚጣለው ሌጦ መፍትሔ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ያሳስታል። የሚፈለገው የከብት ቆዳ ነው።

ገዢው የሚፈራቸው ሦስት አደጋዎች

የመጀመሪያው መታነቅና የአንጀት መዘጋት ነው። ውሻ ትልቅ ቁራጭ ሳያደቅ ሲውጥ ጉሮሮው ወይም አንጀቱ ላይ ሊሰካበት ይችላል፤ አንዳንዴ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። እንደ ሰኮናና አጥንት ያለ ደረቅ ነገር ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማሳሰቢያ ከፋብሪካ በሚወጡ የአጥንት ማኘኪያዎች ላይ ወደ 68 የሚሆኑ ሪፖርቶች እንደደረሱትና 15 ያህል ውሾች መሞታቸው እንደተነገረው ገልጿል። ይህን አደጋ የሚቀንሰው በዋናነት የማኘኪያው መጠንና የውሻው ባለቤት ክትትል ነው፤ የቆዳ ነጋዴው ድርሻ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ጀርም ነው፤ እዚህ ላይ የነጋዴው እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ለውሻ ከሚሸጥ የአሳማ ጆሮ ጋር በተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ በ34 ግዛቶች 154 ሰዎች ታመሙ፤ 35ቱ ሆስፒታል ገቡ። ሰዎቹ የታመሙት ጆሮውን በልተው ሳይሆን በእጃቸው ነክተው ወይም ከውሾቻቸው ተላልፎባቸው ነው። ባለሥልጣናቱ ሕዝቡ ምንም ዓይነት የአሳማ ጆሮ እንዳይገዛ፣ ሱቆችም እንዳይሸጡ መከሩ። የዚህ አካባቢ ነጋዴ የአሳማ ጆሮ አይነግድ ይሆናል፤ የንግዱ ትምህርት ግን ለከብት ጆሮና ቆዳም ይሠራል። ንጹሕ ዕቃ የነበራቸው ላኪዎችም ከቆሸሸው ጋር አብረው ገበያ አጡ።

ሦስተኛው ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በርካታ የጥሬ ቆዳ ማኘኪያዎቹን ከገበያ ሰበሰበ። ምክንያቱ በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያና በብራዚል ያሉ አምራቾች በሥራው ሂደት ኳተርነሪ አሞኒየም የተባለ ፀረ ጀርም መጠቀማቸው ነበር። ይህ ኬሚካል የምግብ ማምረቻ ዕቃን ለማጽዳት የተፈቀደ ነው፤ ለማኘኪያ ማዘጋጃ ግን አልተፈቀደም።

ተመሳሳይ ስህተት በእኛ መጋዘኖችም ሊፈጠር ይችላል። የደረቀ ቆዳን ከነቀዝና ከብል ለመጠበቅ ፀረ ተባይ መርጨት የቆየ ልማድ ነው። በቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ የቆዳ ንግድማ አርሰኒክ ውስጥ የተነከረ ቆዳ ራሱን የቻለ የገበያ ደረጃ ነበረው። ለጫማ በሚሄድ ቆዳ ላይ ይህ ብዙም ጥያቄ ላያስነሳ ይችላል። ለማኘኪያ በሚሄደው ላይ ግን መርዝ ነው፤ በላብራቶሪም ይገኛል።

አባ ሰንጋ

በአካባቢያችን ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው አባ ሰንጋ ነው። የበሽታው ዘር በአፈርና በቆዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ጨውም ሆነ ማድረቅ አይገድለውም። በድንገት የሞተን ከብት መግፈፍ በመጀመሪያ የሚጎዳው ገፋፊውን ነው፤ ቀጥሎ ቆዳውን የሚሸከመውንና የሚያከማቸውን። ቆዳው ባሕር ቢሻገርም አደጋው አብሮት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒውዮርክ ከምዕራብ አፍሪካ በመጣ ጥሬ ቆዳ ከበሮ የሚሠራ ሰው በአባ ሰንጋ ተይዞ ሆስፒታል ገብቷል። ሰውየው ቢድንም የቆዳው መነሻ እስከ አፍሪካ ድረስ ተፈልጓል።

ስለዚህ በድርቅ ወይም በበሽታ የሞተ ከብት ቆዳ በምንም ዋጋ ለዚህ ገበያ አይቀርብም። ከጤነኛው ቆዳ ጋር በአንድ ክምር መቀላቀልም ክምሩን በሙሉ ያበላሻል።

ቆዳ ከመቀበል በፊት የሚጠየቁ

1. ከብቱ የት ታረደ? የእንስሳት ሐኪም ከእርድ በፊትና በኋላ በሚመረምርበት ቄራ ካልሆነ ገዢው የሚጠይቀውን የጤና ምስክር ወረቀት ማውጣት አይቻልም።

2. መቼ ጨው ገባበት? ቆዳ ከተገፈፈ በኋላ በ4 ሰዓታት ጊዜ ውስጥ ቢገባበት ይመረጣል። አንድ ጊዜ ያገለገለ ጨው ጀርም ስለሚያዛምት ንጹሕ ጨው ይሁን። ለአፍተግር ሲባል 2 በመቶ ሶዲየም ካርቦኔት የተቀላቀለበት ጨው የሚጠይቁ ሀገሮች አሉ፤ ጨው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ከገዢው በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

3. ምን ተረጨበት? መልሱ «ምንም» ካልሆነ ቆዳው ወደ ጫማው ወገን ይሂድ።

4. የት ተቀመጠ? ዌት ብሉ፣ ፀረ ተባይ ወይም ማዳበሪያ ካለበት መጋዘን የራቀ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋል።

5. ገዢው ማነው፣ ወዴትስ ይልካል? የአውሮፓ ኅብረት ፋብሪካው የተመዘገበ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከተጠናቀቀው ምርት በሚወሰዱ 5 ናሙናዎች ላይም በ25 ግራም ውስጥ ምንም ሳልሞኔላ እንዳይገኝ ያዝዛል። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ የምርቱን ደህንነት ሲያይ፣ የግብርና ሚኒስቴሩ ደግሞ የእንስሳት በሽታ እንዳይገባ ይቆጣጠራል።

ሂሳቡ ያዋጣል ወይ?

ቆዳን ለይቶ መያዝ ወጪ አለው፦ አዲስ ጨው፣ የተለየ መጋዘን፣ የሐኪም ምርመራ፣ ከየትኛው ቄራ በየትኛው ቀን እንደመጣ የሚያሳይ መዝገብ። ይህ ወጪ የሚመለሰው ገዢው ለተለየው ቆዳ ከመደበኛው በላይ ከከፈለ ብቻ ነው። የጽሑፍ ትእዛዝና የታወቀ የዋጋ ልዩነት ሳይኖር ቆዳ ለይቶ ማከማቸት አይመከርም፤ በጥሩ ሁኔታ የተያዘው ቆዳ መጨረሻ ላይ በተራ ዋጋ ይሸጣልና።

«ቆዳ ነው፣ ለጫማም ለውሻም አምጣ» የሚልና ስለ እርዱ፣ ስለ ጨውና ስለ መድኃኒቱ አንድም ጥያቄ የማያነሳ ደላላ ካጋጠመ ጥንቃቄ ያሻል። ጭነቱ ወደብ ላይ ቢወድቅ ወይም ሰው ቢታመም ዱካው ወደ ኋላ ተከትሎ የሚመጣው ቆዳውን ወዳቀረበው ነጋዴ ነው። የምስክር ወረቀቱንና የመጋዘን መዝገቡን በእጁ የያዘ ነጋዴ ግን ቆዳው ከእሱ ዘንድ በምን ሁኔታ እንደወጣ ማሳየት ይችላል።