ዶአይ፦ የፍልፈሎች ጣቢያ

ባቡሩ የሚቆመው ዋሻ ውስጥ ነው። ውጪ የሐምሌ ሀሩር ቢሆን እንኳ በሩ ሲከፈት ፊት ላይ የሚያርፈው ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ነው። ባቡሩ ሲሄድ ድምፁ በዋሻው እያስተጋባ ይርቃል። ከመድረኩ ወጥቶ ሽቅብ የሚመለከት ሰው ከፊቱ አንድ ወጥ ደረጃ ያያል፤ መታጠፊያ የለውም፣ ጫፉም በሩቅ ጠቦ ይታያል። 462 እርከን ነው።

ይህ በጃፓን ጉንማ ግዛት፣ ሚናካሚ በምትባል ተራራማ ከተማ የሚገኘው የዶአይ ባቡር ጣቢያ ነው። ጃፓኖች “የአገራችን አንደኛ የፍልፈል ጣቢያ” ይሉታል።

በጃፓን ባቡረኞች አነጋገር ወደ ቶኪዮ የሚሄድ ባቡር “ኖቦሪ” ይባላል፤ ወጪ ማለት ነው። ከቶኪዮ የሚርቀው ደግሞ “ኩዳሪ”፣ ወራጅ ነው። ስያሜው ከዳገትና ከቁልቁለት ጋር አይገናኝም፤ ወራጅ የተባለው ባቡር ተራራ ሲወጣ ሊውል ይችላል። ዶአይ ላይ ግን ቃሉና መሬቱ ገጥመዋል። ወጪው ፀሐይና በረዶ ከሚያገኘው የላይ መድረክ ይነሳል፤ ወራጁ ከመሬት በታች። ከጣቢያው ቤት እስከ ታችኛው መድረክ ቁልቁለቱ 70 ሜትር ገደማ ነው። ወጪና ወራጅ እንዲህ የተራራቁበት ጣቢያ ማግኘት ይቸግራል።

ነገሩ የመጣው ከሁለት ዋሻዎች ነው። የጆኤትሱ መስመር ጉንማን ከኒጋታ የሚለየውን የተራራ ሰንሰለት ማቋረጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የሺሚዙ ዋሻ 9,702 ሜትር ይረዝማል። ለዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነው። መሐንዲሶቹ ዋሻው ከዚህ በላይ እንዳይረዝም ሲሉ ሀዲዱን መጀመሪያ ወደ ላይ አወጡት፤ ዳገቱ ለባቡር ስለሚከብድም በተራራው ሆድ ውስጥ ክብ እያዞሩ ከፍታ እንዲያገኝ አደረጉ። በዚያ ርዝመት ዋሻ የከሰል ጭስ ሰው ስለሚያፍን መስመሩ እዚያ ላይ ከመነሻው በኤሌክትሪክ ሠራ። ዶአይ ያኔ ባቡሮች የሚተላለፉባት ቦታ ነበረች፤ በ1936 መንገደኛ የምታስተናግድ ጣቢያ ሆነች።

ሀዲዱ ግን ነጠላ ነበር። ከወዲህና ከወዲያ የሚመጡ ባቡሮች እየተጠባበቁ መተላለፍ ነበረባቸው፤ የጃፓን ኢኮኖሚ ባደገ ቁጥር መጠበቁም በዛ። በ1967 ሁለተኛው፣ አዲሱ የሺሚዙ ዋሻ ተከፈተ፤ ርዝመቱ 13,490 ሜትር ነው። ረጅም ዋሻ መቆፈር ከተቻለ ሽቅብ መዞር አያስፈልግምና አዲሱ ሀዲድ ገና ከታች ተራራውን ሰንጥቆ ገባ። ዶአይን ያለፋት ከሥሯ ነው። ይህ ለወራጁ ባቡር ተሰጠ፤ አሮጌው ለወጪው ቀረ። ፕላኑ አልፈው ለሚሄዱት ሰዎች ጥሩ ነበር። ለሚወርዱት የተረፋቸው ደረጃው ነው።

እርከኖቹ አምስት አምስት ሆነው ተከፋፍለዋል፤ በየመካከሉ እግር የሚያሳርፍ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። ዘንበል ብሎ የተዘረጋው ደረጃ ርዝመቱ 338 ሜትር ነው። ከጎኑ ለተንቀሳቃሽ ደረጃ የተተወ ሰፊ ቦታ ይታያል፤ ማሽኑ ግን ተገጥሞ አያውቅም። ላይ ሲደረስም መንገዱ አያልቅም፦ የዩቢሶን ወንዝ የሚሻገር 143 ሜትር መተላለፊያ፣ ከዚያ ሌላ 24 እርከን። በጠቅላላው 486። አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጣቢያው ሠራተኛ በነበረው ዘመን ለወራጁ ባቡር ትኬት የሚፈተሽበት በር መነሻ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ቢሮጥም አይደርስም።

ይህን ሁሉ የሚወጡት በብዛት ተራራ ወጪዎች ነበሩ። የታኒጋዋ ተራራ 1,977 ሜትር ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ ግን እንደ እሱ ብዙ ሕይወት የቀጠፈ ተራራ ማግኘት ያስቸግራል። ከ1931 ወዲህ ከ800 በላይ ሰዎች አልቀውበታል። ዓመቱ ዋሻው የተከፈተበት መሆኑ አይገርምም። ባቡሩ ገደሉን ለቶኪዮ ወጣቶች የአንድ ሌሊት መንገድ አደረገው፤ ገደሉ ቀጥ ያለ፣ አየሩም ተለዋዋጭ ነው። ደረጃውን በጨለማ ከወጡት መካከል ያልተመለሱ ብዙ ናቸው፤ የዶአይ ታሪክ ሲነገር ይህ መዘለል የለበትም።

በ1982 ፈጣኑ ሺንካንሰን 22 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ሌላ ዋሻ ተራራውን ማለፍ ሲጀምር የአሮጌው መስመር ፈጣን ባቡሮች እያነሱ ሄዱ። ከ1985 ጀምሮ በጣቢያው ሠራተኛ የለም። ዛሬ በቀን የሚቆሙት ባቡሮች ጥቂት ናቸው። ሆኖም ሰው ይመጣል፤ ደረጃውን ለመውጣት ብቻ። በ2020 የድሮው የሠራተኞች ቢሮ ቡና ቤት ሆኖ ተከፈተ።

በሥነ ጽሑፍ ፍቅር የሚመጡም አሉ። በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ያሱናሪ ካዋባታ “የበረዶ አገር” የተባለ ልቦለዱን የጀመረው በአሮጌው የሺሚዙ ዋሻ ነው። የልቦለዱ መንገደኛ ከቶኪዮ በኩል በወራጁ ባቡር ነበር የገባው፤ ዛሬ ወራጁ በአዲሱ ዋሻ ስለሚሄድ በዚያ አቅጣጫ መጓዝ አይቻልም። የካዋባታን ዋሻ ማየት የሚሻ አንባቢ ከኒጋታ ተነስቶ፣ በወጪው ባቡር፣ በረዶውን ከኋላ ትቶ ይመጣል። ዋሻው ሲያልቅ ባቡሩ የሚቆምባት የመጀመሪያዋ ጣቢያ ዶአይ ናት፤ በላይኛው መድረክ፣ በብርሃን።