ሰብዉፈር ሲጨመር የዋናውን ስፒከር ሸክም ስለ ማቅለል



የዛሬው ንግግሬ በአዳራሾቻችን ደጋግሜ በምሰማው አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ «ሰብዉፈር ጨመርን፤ ታዲያ ንግግሩ ለምን አልጠራም?» መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ወፍራሙን ድምፅ የሚሸከም ሰብዉፈር ብናመጣም፣ ዋናው ስፒከር ያንኑ ሸክም አሁንም አላወረደም። የሚያወርድለት ሃይ ፓስ ፊልተር ነው፤ ይህም ከተወሰነ ድግግሞሽ በላይ ያለውን ድምፅ አሳልፎ ከዚያ በታች ያለውን የሚያስቀር ማጣሪያ ነው።

ሸክሙ ምን ያህል ነው? ስፒከር ድምፅ የሚፈጥረው ኮኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ አየርን በመግፋት ነው። ሣጥኑ ዝግ በሆነ ስፒከር፣ የድምፁ ኃይል ሳይቀንስ ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ ኮኑ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ80 ኸርዝ 1 ሚሊሜትር የሄደ ኮን፣ በ40 ኸርዝ እኩል የድምፅ ኃይል ለመስጠት 4 ሚሊሜትር መሄድ ይኖርበታል። ከአቅሙ በላይ ሲገፋ፣ በዚያው ኮን የሚወጣው የተናጋሪው ድምፅም አብሮ ይዛባል። ሣጥኑ የአየር ቀዳዳ ያለው ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ ቀዳዳው ከተቃኘበት ድግግሞሽ በታች አየሩ ኮኑን መግታት ስለሚተው ስፒከሩ ሊበላሽ ይችላል።

አሁን ማጣሪያውን እናስገባ። በሰፊው የሚሠራበት የሊንክዊትዝ-ራይሊ ማጣሪያ ሲሆን፣ መሠረቱ ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። አራተኛ ደረጃውን በ80 ኸርዝ ብናስተካክለው፣ በ40 ኸርዝ የኮኑ እንቅስቃሴ ቀድሞ ከነበረው ወደ አንድ አሥራ ሰባተኛ ይወርዳል። በመገናኛው ላይ ዋናው ስፒከርና ሰብዉፈሩ እያንዳንዳቸው 6 ዴሲቤል ዝቅ ስለሚሉ፣ ድምራቸው ሳይጎድል ሳይተርፍ ይገጥማል።

በተግባር ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ማጣሪያው ከአምፕሊፋየሩ በፊት ይግባ፤ ያን ጊዜ የአምፕሊፋየሩም ጉልበት ይቆጠባል። ሁለተኛ፣ መቁረጫውን ያለ ምክንያት ወደ 150 ኸርዝ አናውጣው፤ የወንድ ድምፅ ከመድረኩ ርቆ ከሰብዉፈሩ የሚመጣ ይመስላልና። ሦስተኛ፣ የ80 ኸርዝ ድምፅ ለቀን፣ አድማጭ በሚቀመጥበት ቦታ ሆነን የሰብዉፈሩን ፖላሪቲ እንገልብጥ፤ ከሁለቱ ጎልቶ የተሰማውን እንያዝ።

ብዙዎቹ መሣሪያዎቻችን በመዋጮ የተገዙ ናቸው። ማጣሪያው ደግሞ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሚክሰሮችና ፕሮሰሰሮች ውስጥ አስቀድሞ አለ። ሌላ ሰብዉፈር ከመግዛታችን በፊት እርሱን እንክፈት፤ በኋላ መደዳ የተቀመጡ አዛውንትም ቃሉን ለይተው ይሰማሉ።